«ይቅርብኝ»

የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ናት። ባሕር ዳር ላደገ ሰው ቀኑ ጣና ዳር ያለውን ዘጌን ያስታውሰዋል፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ ቡናውን፣ በጠዋት የሚነሡትን ጀልባዎች። እኔን ግን የሚያስታውሰኝ አንድ ጀልባ ብቻ ነው። ያልተሳፈርኩበት ጀልባ።

ዘመኑ 1986 ነው። የ9 ዓመት ልጅ ነኝ። ቤታችን ሽምብጥ ነበር፤ ሐይቁ ቅርባችን ነው። ጣናን በየቀኑ አየዋለሁ። ዳር ዳሩን እንቦጫረቅበታለሁ፣ ደንገሉ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር እደበቅበታለሁ። ጀልባ ላይ ግን ወጥቼ አላውቅም። ከሐይቁ መሐል ሆኖ ከተማዋን ማየት ምን እንደሚመስል የሰማሁት ከታላቅ ወንድሜ ነው። ያን ዓመት አባቴ ሁላችንንም ይዞ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄዶ ለማንገሥ ቃል ገባ። ከገና ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረኝም።

ዋዜማው ላይ አባቴ ከገበያ ሲመጣ ለወንድሜ አዲስ ሸራ ጫማ ይዞ መጣ። ለእኔ የወንድሜ አሮጌ ጫማ ተሰጠኝ። እናቴ አጥባዋለች፣ ክሩንም ቀይራዋለች። ለእግሬ ልክ ነበር። ምንም አልተናገርኩም። እራቴን ግማሹን ትቼ ተኛሁ።

ጠዋት ወደቡ ደረስን። ሰው ነጠላውን እያጣፋ ይሳፈራል። ሕፃናት በእጅ በእጅ እየተቀባበሉ ይገባሉ። እኔ ቆምኩ።

«ና እንጂ!» አለ አባቴ።

«አልሄድም።»

«ለምን?»

«ይቅርብኝ።»

እናቴ ወርዳ አባበለችኝ። ወንድሜ እጄን ጎተተኝ። «ይቅርብኝ» አልኩ ደግሜ። ባለጀልባው ቸኮለ። ጣና ላይ የሚኬደው በጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ያስቸግራል። አባቴ ትንሽ ዝም ብሎ አየኝ። «እንግዲያው ይቅርብህ» አለ። ልትሸኘን ለመጣችው አክስቴ አደራ ሰጥቶኝ ተሳፈረ።

ጀልባው ሲነሣ እንኳ «አሁን ይመለሳሉ» እያልኩ ነበር። ሞተሩ እየራቀ ሲሄድም እንደዚያው። የጀልባው ሰዎች መልካቸው መለየት ሲያቅተኝ ነው መሄዳቸው የገባኝ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የፈለግሁት ጫማውን አልነበረም። አንድ ሰው ወርዶ፣ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ፣ «ቅር ብሎህ ነው አይደል?» እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት። ያን ግን አልተናገርኩም። የተናገርኩት «ይቅርብኝ» ነው። ሰዎቹም የነገርኳቸውን አደረጉ።

ይቺን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኳት ቆጥሬ አልጨርሳትም። 40 ዓመት አልፎኛል። በሕይወቴ ካጣኋቸው ነገሮች ውስጥ ሰው የነጠቀኝ ጥቂት ነው። የሚበዛውን በዚህች ቃል ራሴ ሰጥቻለሁ።

ቃሏን ልብ ብላችሁ እዩዋት። ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ ሲዘንብ «ዘነበልኝ» ይላል። እህሉን አውድማ ላይ ያሰጣው ደግሞ «ዘነበብኝ» ይላል። ዝናቡ ያው ዝናብ ነው። አንዷ ፊደል ናት ለማን እንደጠቀመ፣ ማንን እንደጎዳ የምትናገረው። «ፈረደልኝ» እና «ፈረደብኝ» ማለትም እንደዚያው ነው። እኛ ስናኮርፍ «ይቅርልኝ» አንልም። «ይቅርብኝ» ነው የምንለው። ጉዳቱ የሚያርፈው በማን ላይ እንደሆነ በገዛ አፋችን መስክረን ነው የምንሄደው። ለአባቴ «አልሄድም» ስለው እሱን የቀጣሁት መስሎኝ ነበር። አማርኛዬ ግን እውነቱን ተናግሮ ነበር።

እናቴ ሁልጊዜ የምትለው አላት፤ «ያኮረፈ ሰው ምሳው እራቱ ይሆናል።» ልጅ ሳለሁ ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። ምክንያቱም እውነት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ «አልበላም» እላለሁ። ሰው ሁሉ በልቶ ይነሣል። እናቴ ድርሻዬን ከድና ታስቀምጠዋለች። ሲመሽ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ እሄድና ቀዝቃዛውን እበላዋለሁ። ወጡ ያው ወጥ ነው። የቀረብኝ ሙቀቱና ከሰው ጋር መቁረሱ ነው።

ለልጅ ኩርፊያ ትርጉም አለው። ልጅ የሚሰማውን በቃል አስተካክሎ መናገር አይችልም። «ከወንድሜ ያነስኩ መሰለኝ» ማለት ለ9 ዓመት ልጅ ከባድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይጥላል። እናት ደግሞ ከንፈር ማንበብ ታውቃለች። መጥታ ታባብለዋለች። እሹሩሩ ትለዋለች። ኩርፊያ የሚሠራው የሚያባብል ሰው ባለበት ቤት ነው። እኔ ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ፤ ኩርፊያውን ግን ይዤው ወጣሁ። መሥሪያ ቤት አስገባሁት፣ ትዳሬ ውስጥ አስገባሁት። እዚያ የሚያባብል የለም። ሰው ሁሉ ሥራ አለው። አንተ ፊትህን ስታዞር «ደክሞት ይሆናል» ብለው ያልፋሉ።

አሁን በጣም ውድ ያስከፈለኝን ላውራ።

በ2011 ዓ.ም. የምሠራበት መሥሪያ ቤት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ስለ እምቦጭ ጥናት እንድናዘጋጅ መደበን። እምቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነ የውሃ አረም ነው። ጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የከፋው ፍሬው ነው። ሐይቁ ዳር ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሳይበቅል ለዓመታት ይቆያል። አጽድቼዋለሁ ብለህ ስትመለስ፣ ውሃው ሲሸሽና ፀሐይ ሲያገኘው፣ ከዚያው ከጭቃው ይነሣል።

የመስኩ ሥራ የኔ ድርሻ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በፎገራና በደምቢያ ዳርቻ ተመላለስኩ። ገበሬዎች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ይነቅላሉ። ከብቶች ውሃ የሚጠጡበት ቦታ በአረንጓዴ ምንጣፍ ተሸፍኗል። የዓሣ አጥማጆቹ መረብ ከሥሩ ጋር ይጠላለፋል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ እኛ ነቅለን ዳር ላይ እንከምረዋለን። ክረምት ሲመጣ ውሃው ሞልቶ መልሶ ይወስደዋል። ልፋታችን በከንቱ ነው። ይህን ጻፍልን» አሉኝ። እጃቸው ሻክሯል፣ ጥፍራቸው ሥር ጭቃ አለ። «እሺ አባቴ፣ እጽፋለሁ» አልኳቸው። ጻፍኩትም።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ኃላፊያችን ንግግሩን ሲጀምር ጥናቱን ያዘጋጁትን አመሰገነ። ሁለት ስም ጠራ። የኔ ስም የለበትም።

ምናልባት ረስቶ ነው። ምናልባት የተሰጠው ወረቀት ላይ አልተጻፈም። አልጠየቅሁም። ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ጆሮዬ ጋለ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የ34 ዓመት ሰው ጠፋ። በቦታው አሮጌ ጫማ የተሰጠው ልጅ ተቀመጠ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ «የመስኩን ውጤት አንተ አብራራልን» አለኝ። በስሜ ነው የጠራኝ።

«ባልደረባዬ ያቅርበው። እኔ ይቅርብኝ» አልኩ።

ባልደረባዬ ጨዋ ሰው ነው። ደንግጦ ተነሣ። እሱ ግን ፎገራን አላየም። ከታዳሚው አንዱ «የተነቀለው አረም የት ነው የሚደረገው?» ብሎ ጠየቀ። «ለጊዜው በቂ መረጃ የለንም» አለ። መረጃው እጄ ላይ ነበር። ጭኔ ላይ ባስቀመጥኩት ደብተር፣ በገዛ ጽሕፈቴ። አፌን አልከፈትኩም። ጥያቄው አለፈ፤ ስብሰባውም ወደ ሌላ ርዕስ ሄደ። ከወራት በኋላ ለሥልጠና ሰው ሲመረጥ የተላከው ባልደረባዬ ነው። ይገባዋል። ያቀረበው እሱ ነው።

ለብዙ ጊዜ ታሪኩን የማወራው እንዲህ አልነበረም። «ስሜን ዘለሉት፣ ልፋቴን ካዱት» እያልኩ ነበር የማወራው። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እኚያ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። «ይህን ጻፍልን» ያሉኝ። ያን ቀን የቀረው በእኔ ላይ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አደራ ነበረብኝ። በኩርፊያዬ ውስጥ እሳቸውን አሰጠምኳቸው።

ከዚያ በኋላ ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ። ሌላም እውነት ወጣ፤ ይህኛው ከመጀመሪያው የባሰ አሳፈረኝ። ከስብሰባው በፊት ሁለት ሌሊት አልተኛሁም ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ምሁራን እንዳሉ አውቅ ነበር። ስለ ቁጥሮቹ ቢጠይቁኝስ? የለካሁበት መንገድ ስሕተት ቢኖረውስ? ፈርቻለሁ። ስሜ ሲዘለል የተሰማኝ ንዴት ብቻ አልነበረም። በንዴቱ ሥር ትንሽ እፎይታ ነበረች። መውጫ በር አገኘሁ። ተበድያለሁ፤ ስለዚህ አልፈተንም።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ስለ ጉዳዩ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ። በፈረንጆቹ 1978 ስቲቨን በርግላስና ኤድዋርድ ጆንስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያወጡት ሙከራ አለ። ለተማሪዎች ፈተና ሰጡ። ለአንዳንዶቹ የሰጧቸው ጥያቄ መልስ የሌለው ነበር። እንዲያም ሆኖ «በጣም ጥሩ ሠርታችኋል» ተባሉ። ውጤቱ ከየት እንደመጣ ራሳቸው አያውቁም። ሁለተኛው ፈተና ከመምጣቱ በፊት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ቀረበላቸው። አንዱ አእምሮን ያነቃል የተባለ፣ ሌላው ያደክማል የተባለ። ድላቸው ከየት እንደመጣ ያላወቁት፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ወደሚያደክመው አዘነበሉ። ቢወድቁ «መድኃኒቱ ነው» ማለት ይችላሉ። ችሎታቸው አይነካም። ይህን ሳነብ ተነሥቼ ቤቱ ውስጥ ተንጎራደድኩ። የኔ መድኃኒት ኩርፊያ ነው። የሚያደክመኝን እንክብል ራሴ እመርጣለሁ፤ ከዚያ «ባይበድሉኝ ኖሮ እኮ…» እላለሁ።

ከመናደዴ ለመውጣት መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር አልረዳኝም። እንዲያውም አባባሰው። ማታ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብዬ ያንን ስብሰባ አወራ ነበር። «ንገረን፣ ይውጣልህ» ይሉኛል። እኔም እነግራቸዋለሁ። በነገርኩ ቁጥር በደሉ ይወፍራል። ኃላፊው ስሜን የዘለለው በመርሳት ሳይሆን በክፋት ይሆናል። በሦስተኛው ሳምንት ሴራ ሆኖ አረፈው። «ሲወጣልህ ይቀልልሃል» የሚለው ነገር ለኔ አልሠራም። ለሌላውም ብዙ እንደማይሠራ ብራድ ቡሽማን የተባለ ተመራማሪ በፈረንጆቹ 2002 አሳይቷል። 600 ተማሪዎችን አናደደ። ከፊሎቹ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲመቱ ተደረገ። ሌሎቹ ዝም ብለው ተቀመጡ። የመቱት ከተቀመጡት ይልቅ ተናደው ተገኙ። የተቀመጡት ሰዎች ምንም አላደረጉም። ዝም ብለው ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጠው ነበር፤ በቃ።

ሰው ራሱን እንዴት ነው የሚይዘው? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዤው ዞሬያለሁ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ማታ ማታ በእግሬ መሄድ እወዳለሁ። 380 ሜትር ነው። ከሥሩ ዓባይ ከጣና ገና መውጣቱ ነው፤ አይቸኩልም። እዚያ ስሄድ ሰውነቴን ማዳመጥ ለመድኩ። ኩርፊያ ከሐሳብ በፊት በሰውነቴ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ጉሮሮዬ ይጠብቃል። ከዚያ አገጬ ይከብዳል። ከዚያ ስልኬን ማጥፋት ያምረኛል።

ስለ ስልኩ ትንሽ ልበል፤ የዘመኑ ኩርፊያ እዚያ ነው ያለው። መልእክት አንብቦ አለመመለስ። ቴሌግራም ላይ የራስን ፎቶ ማጥፋት። ከቡድኑ ድንገት መውጣት፣ ከዚያ «ለምን ወጣህ?» የሚል ሰው መጠበቅ። ለዘመድ መደወል እያማረን «እሱ ይደውል» ብለን ስልኩን ፊታችን አስቀምጠን ማምሸት። ይህን ሁሉ አድርጌዋለሁ። እያንዳንዱ ወደቡ ላይ ቆሞ ጀልባውን ከማየት አይለይም።

የረዳኝ የመጀመሪያው ነገር ስም መስጠት ነው። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 2007 ባወጡት ጥናት ሰዎች ስሜት ያለበት ፊት በሥዕል ሲያዩ አንጎላቸው ይታይ ነበር። የስሜቱን ስም ሲጠሩት፣ አሚግዳላ የሚባለው ለአደጋና ለስሜት ፈጥኖ የሚነሣው የአንጎል ክፍል ሥራው ይቀንሳል። አማርኛ ለዚህ ሀብታም ነው። «ቅር አለኝ» አለ። «ቅሬታ» አለ። «ቅያሜ» አለ። «ኩርፊያ» አለ። መጨረሻ ላይ «ቂም» አለ፤ ያ ጭቃው ውስጥ ዓመታት የሚቆየው ፍሬ ነው። በጎን ደግሞ ቅናት፣ እፍረት፣ ፍርሃት፣ እልህ አሉ። «ተናድጃለሁ» ብዬ ማለፍ ቀላል ነው። ትክክለኛውን መፈለግ ግን ሥራ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ «ተናድጃለሁ» ያልኩት «አፍሬያለሁ» ሆኖ ይገኛል። አንዳንዴ «ፈርቻለሁ»። ሁለት ጊዜ «ቀንቻለሁ» ሆኖ አገኘሁት፤ ለራሴ እንኳ ለማለት ቀናት ወስዶብኛል።

እልህ ለብቻው መጠንቀቅ የሚገባው ነው። «እልህ ምላጭ ያስውጣል» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እልህ ሰው ያስተምራል፣ ቤት ያሠራል፤ አውቃለሁ። ምላጩን የሚውጠው ግን ባለእልሁ ነው።

ሁለተኛው ነገር «ቆይ» ናት። ፒተር ጎልቪትዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ምሁር ሰዎች «እለወጣለሁ» ከሚሉ ይልቅ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብለው አስቀድመው ሲወስኑ የበለጠ እንደሚፈጽሙት በብዙ ሙከራ አሳይቷል። እኔም ወሰንኩ። «ይቅርብኝ» ምላሴ ላይ ስትመጣ «ቆይ» እላለሁ። ሌላ ምንም አልልም። «ቆይ፣ ነገ ልንገርህ።» «ቆይ፣ ትንሽ ላስብበት።» በሩን አልዘጋም፣ አልከፍትምም። አብሯት የምትሄድ አንዲት ልማድ አለችኝ፤ ምንም ብናደድ ምሳዬን አልተውም። የእናቴን ተረት ገልብጬ እንደ ሕግ ያዝኳት። መጀመሪያ እበላለሁ፤ ከሰው ጋር፣ ሳይቀዘቅዝ። የበላ ሰው ኩርፊያ እንደራበው ሰው ኩርፊያ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ተፈተንኩ። የአጎቴ ልጅ ልጁን ሊድር ነው። አብረን ነው ያደግነው። እኔን በስልክ ጠራኝ። ለታላቅ ወንድሜ ግን ቤቱ ድረስ ሄዶ ካርድ ሰጠው። ስሰማ ጉሮሮዬ ተዘጋ። 31 ዓመት አልፎ ያው ጫማ ነው።

ባለቤቴ ቡና እያፈላች ነበር። «አልሄድም» አልኳት።

«ምነው?»

«ይ…» ብዬ ጀመርኩ። «ቆይ» አልኩ ከዚያ። «ቆይ፣ ቡናውን ልጠጣ።»

ምንም አላለችም። ሁለተኛውን ጠጣሁ። ስሙን ፈለግሁት። ንዴት አልነበረም። ያነስኩ መስሎኝ ነው። ልክ እንደዚያን ጊዜ። በሦስተኛው ስልኬን አነሣሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ።

«ስማኝማ» አልኩት። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቀየመኝ። በስልክ ስትጠራኝ ቅር አለኝ። ቤት ትመጣለህ ብዬ ነበር የጠበቅሁት።»

ዝም አለ። ረዘመብኝ። ከዚያ «አንተ ሰው!» አለ። «ካርድ እኮ የምሰጠው ለሚቀር ሰው ነው። አንተማ ባለቤት ነህ ብዬ። ድንኳኑን ከማን ጋር ልተክል ነው?» ድምፁ ተለወጠ። «ካስከፋሁህ ይቅርታ፣ ወንድሜ። ዛሬ ማታ እመጣለሁ።»

መጣም። ካርዱንም ይዞ መጣ። ሠርጉ ላይ ሁለት ቀን ቆሜ አስተናገድኩ። እንደዚያ ሠርግ የተደሰትኩበት ትዝ አይለኝም።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ላድርግ። «ይቅርብኝ» ሁሉ የልጅ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ክብርን ለመጠበቅ የሚባል «ይቅርብኝ» አለ። እጅ መንሻ የተጠየቀ ሰው «ይቅርብኝ» ሊል ይገባዋል። የሚደበድባትን ባል ትታ የወጣች ሴት ያኮረፈች አይደለችም። ከሚያዋርድ ሥራ መውጣትም ኩርፊያ አይደለም። ሁለቱን የምለየው እንዲህ ነው፤ የእውነቱ እምቢታ ምክንያቱን ፊት ለፊት ይናገራል፣ ከዚያ ይሄዳል። ዞሮ አያይም። ኩርፊያ ምክንያቱን ይደብቃል፤ እየሄደም በትከሻው በኩል ወደ ኋላ ያያል፣ የሚከተለው ሰው እንዳለ ለማወቅ። ስለዚህ ስሄድ አንገቴን አዳምጣለሁ። መዞር ካማረው፣ የምፈልገው መሄድ ሳይሆን መጠራት ነው ማለት ነው።

ከሠርጉ በኋላ በነበረው ሳምንት ያንን ባልደረባዬን ምሳ ጋበዝኩት። ያ ስብሰባ ካለፈ ዓመታት ሆነዋል። ሳላዘጋጅህ አስነሣሁህ፣ መረጃውም እጄ ላይ እያለ ዝም አልኩ፣ አልኩት። «ይቅርታ» አልኩት። እያልኩት ቃሉ ራሱ ገረመኝ። «ይቅርታ» እና «ይቅርብኝ» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም «ይቅር» ከሚለው ይነሣሉ። አንድ ነገር የግድ ይቀራል። ወይ ጀልባው ይቀርብሃል፣ ወይ ኩርፊያው ይቀርልሃል። ባልደረባዬ ሽሮውን እያማሰለ «እኔ እኮ እስከዛሬ ሆን ብለህ ልታዋርደኝ ነው ብዬ ነበር» አለኝ። ለካ እሱም ይዞት ኖሯል። የሽማግሌውን ጉዳይ ነገርኩት። አብረን ጽፈነው ለሚመለከተው ክፍል አስገባነው። ዘግይቷል። ግን ገብቷል።

አሁንም ይመጣብኛል። ባለፈው ወር ባለቤቴ እናቷ ጋ ስትሄድ ሳትነግረኝ ሄደች ብዬ ግማሽ ቀን ፊቴን ዘግቼ ዋልኩ። ነግራኛለች፤ ስልኬን ሳላይ ነው። ያን ቀን «ቆይ» አልመጣችልኝም። ማታ ላይ ነው የመጣችው። ከሁለት ሳምንት ኩርፊያ ወደ ግማሽ ቀን መውረድ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዘንድሮ የካቲት 16 ከታላቅ ወንድሜ ጋር ድልድዩ ላይ እየሄድን ያንን ቀን አነሣሁበት። ጫማውን አላስታወሰውም። ጨርሶ።

«ጋሼ፣ እንዴት ትረሳዋለህ? አዲስ ሸራ ጫማ እኮ ነው!»

«እኔ የማስታውሰው አባባን ነው» አለኝ። «እዚያ ደርሰን ጠበል ጸዲቅ ሲቀርብ አልቀመሰም። እማማ ለመነችው። እምቢ አለ። ስንመለስም አንድ ቃል አልተናገረም።»

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ከዚያ ቀጥ ብዬ ሽምብጥ ሄድኩ። አባቴ አሁን ብዙ አይንቀሳቀስም። በረንዳው ላይ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ያኔ ዘጌ ስትሄዱ፣ እኔ የቀረሁ ጊዜ ትዝ ይልሃል?»

ወዲያው አወቀው። የትኛው ቀን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

«እጅህን ብታነሣ ኖሮ ባለጀልባውን አስመልሰው ነበር» አለ። «ዓይኔን ከአንተ ላይ አላነሣሁም። ይጠራኛል ብዬ።»

«እኔም ይጠራኛል ብዬ ነው የቆምኩት» አልኩት።

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከሐይቁ በኩል የከሰዓቱ ነፋስ መንፈስ ጀምሯል። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞሮ እናቴን ጠራት።

«ልጁ ምሳ አልበላም» አላት።

ተነሥቼ እጄን ታጠብኩ።